ሰጋቱራ፣ የቡና አተላና ቀዳዳማ ሸክላ

ሸክላን ቀዳዳማ ለማድረግ ከሚታወቁት ዘዴዎች ሁሉ ርካሹ፣ ጭቃው ሲቦካ በእሳት ተቃጥሎ የሚጠፋ ነገር አብሮ መለወስ ነው። ሰጋቱራም ይሁን ስታርች፣ የቡና ገለፈትም ይሁን ደቅቆ የተከተከተ ጭድ፣ ሸክላው በእቶን ውስጥ ሲተኮስ ጭማሪው ተቃጥሎ ይወጣል፤ የነበረበት ቦታም ባዶ ይቀራል። ነገሩ እንዲህ በአጭሩ ሲነገር ቀላል ስለሚመስል፣ ወደ ሥራ ክፍሌ ብቅ የሚሉ ሰዎች ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ምን እንደምጨምር ነው። ከስድስት ኪሎ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ በሚወርደው ሰፈር ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ዓመታት ከሠራሁ በኋላ ግን የምሰጠው መልስ ከጥያቄው ይሰፋል፤ የሥራውን መልካምነትና ብልሽት የሚወስኑት ጭማሪው ከ200 እስከ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው የሙቀት ደረጃ ውስጥ የሚያገኘው ጊዜና አየር፣ እንዲሁም ከሄደ በኋላ ትቶት የሚቀረው አመድ ናቸው።

ቀዳዳማ ሸክላ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። እንስራ ውሃን የሚያቀዘቅዘው ግድግዳው እርጥበት ስለሚያሳልፍ ነው፤ ወደ ውጭ የወጣው እርጥበት በሚተንበት ጊዜ ለእያንዳንዱ ግራም 2,400 ጁል ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል፣ ከዚህም ሙቀት ብዙው የሚወሰደው በውስጥ ካለው ውሃ ነው። አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር የሚሟሸው ደግሞ በተቃራኒው ቀዳዳውን ለመድፈን ነው፤ ከዘሩ የወጣው ዘይት በሙቀቱ ከርሮና ጠቁሮ የገጹን ቀዳዳዎች ይሞላል፣ እንጀራውም ሳይጣበቅ ይነሳል። ያለ ምንም ጭማሪ በ800 ዲግሪ አካባቢ የተተኮሰ ተራ ሸክላ እንኳ ከይዘቱ ሩብ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ባዶ ቦታ ነው። ተቃጣይ ጭማሪ የሚያስፈልገው እንግዲህ ይህን ባዶ ቦታ ለመጨመር፣ ከዚያም በላይ የቀዳዳውን ስፋትና ቅርጽ በራስ ምርጫ ለመወሰን ነው።

እኔ በዋናነት የምሠራው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ለትንንሽ እቶኖችና ለምድጃዎች ውስጠኛ ግድግዳ የሚሆን ቀላል ጡብ ሲሆን፣ ሁለተኛው ውሃ የሚያጣራ ክብ ሸክላ ነው። ለጡቡ የሚያስፈልገው ብዙ የታፈነ አየር ነው፤ የማይንቀሳቀስ አየር በአንድ ካሬ ሜትር ስፋት፣ በአንድ ሜትር ውፍረትና በአንድ ዲግሪ ልዩነት የሚያስተላልፈው ሙቀት 0.026 ዋት ብቻ ሲሆን፣ ጥቅጥቅ ያለ የሸክላ ጡብ ግን ወደ አንድ ዋት ይጠጋል። ለማጣሪያው የሚፈለገው ደግሞ ከአንዱ ገጽ እስከ ሌላው የተያያዘ፣ ጠባብና ወጥ የሆነ መተላለፊያ ነው። ሁለቱም «ቀዳዳማ» ይባሉ እንጂ አንዱ የሚፈልገው ለሌላው ጉዳት ሊሆን ስለሚችል፣ የጭማሪው ምርጫ ከመጀመሪያው የተለያየ መሆን አለበት።

ሰጋቱራን በተመለከተ አዲስ አበባ ውስጥ እጥረት የለም። በመርካቶ ዙሪያም ሆነ በየሰፈሩ ያሉ አናጺ ቤቶች በማዳበሪያ ከረጢት ሞልተው ለመውሰድ ለመጣ ሰው ሁሉ በጥቂት ብር፣ አንዳንዴም በነጻ ይሰጣሉ፤ የከተማው መሐል በሰፊው ሲፈርስና ሲገነባ በነበረባቸው ባለፉት ዓመታት ብዙዎቹ ቦታ ስለቀየሩ፣ የለመዱትን አናጺ ፍለጋ መዞር ግን የሥራው አካል ሆኗል። እዚህ ላይ የምጠነቀቅበት ነገር ከረጢቱ ውስጥ ምን እንዳለ ማየት ነው። ከእንጨት መጋዝ የወጣው ሰጋቱራ ጥሩ ነው፤ ከችፑድና ከኤምዲኤፍ (በሙጫ ተጨምቀው ከተሠሩ የእንጨት ሰሌዳዎች) የወጣው ዱቄት ግን ፎርማልዲሃይድ ያለበት ሙጫ ስለያዘ፣ ሲቃጠል ዓይንና ጉሮሮ የሚያቃጥል ጭስ ያወጣል። በመዳፍ ሲያሹት የችፑድ ዱቄት እንደ ጥሩ የበርበሬ ዱቄት ልስልስ ብሎ በጣት መስመር ውስጥ ይገባል፣ የመጋዝ ሰጋቱራ ግን ጭረት ጭረት ያለውና ሸካራ ነው፤ ከረጢቱ ስር ድረስ እጅ ከትቶ ማውጣት ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ላይኛው ሁልጊዜ ንጹህ ነው።

ከዚያ ማድረቅና መንፋት ይከተላል። ትልቁ ወንፊት ስንጥርና ልጣጩን ያስቀራል፣ ትንሹ ደግሞ ብናኙን ያሳልፋል፤ ለጡብ የምጠቀመው በሁለቱ መካከል የሚቀረውን፣ ከግማሽ ሚሊሜትር እስከ አንድ ሚሊሜትር ተኩል የሚሆነውን ነው። ብናኙን አልጥለውም፤ ለማጣሪያው የሚሻለው እሱ ነው።

መጠኑን በሚዛን ብቻ የሚለካ ሰው ራሱን ያታልላል፤ ቀዳዳ የይዘት እንጂ የክብደት ጉዳይ አይደለምና። ከ100 ግራም ደረቅ ድብልቅ ውስጥ 10 ግራሙ ሰጋቱራ ቢሆን፣ እንጨቱም በኪዩቢክ ሴንቲሜትር ግማሽ ግራም የሚመዝን ቀላል እንጨት ቢሆን፣ ሰጋቱራው 20 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ይይዛል፤ የሸክላው እውነተኛ ጥግግት 2.6 ስለሆነ ቀሪው 90 ግራም የሚይዘው 35 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ያህል ነው። በሌላ አነጋገር በክብደት አሥር በመቶ የሆነው ነገር በይዘት 37 በመቶ ሆነ ማለት ነው። እንጨቱ 0.7 የሚመዝን ጠንካራ ባሕር ዛፍ ከሆነ ግን ይኸው አሥር በመቶ ወደ 29 ዝቅ ይላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ እንዳይመስል፤ ክብ የሚመስሉ ቅንጣቶች እርስ በርስ ተያይዘው ከዳር እስከ ዳር መንገድ የሚከፍቱት በይዘት ሰላሳ በመቶ ገደማ ሲደርሱ ነው፣ ቀጭንና ረዣዥም ከሆኑ ደግሞ ከዚያ ባነሰ መጠን ይገናኛሉ። ከዚያ በታች የሚቀሩት ቀዳዳዎች በአብዛኛው እርስ በርስ የተነጣጠሉ ሲሆኑ፣ ለጡብ ምንም አይሉም፣ ለማጣሪያ ግን ውሃን እጅግ በዝግታ የሚያሳልፍ ሸክላ ይሰጣሉ።

የቀዳዳውን ስፋት በጥንቃቄ መምረጥ ለሚፈልግ ሰው ከሰጋቱራ ይልቅ ስታርች ይመቻል፤ ተፈጥሮ ራሷ ነፍታ ያዘጋጀችው ነውና። የሩዝ ስታርች ቅንጣት ከሦስት እስከ ስምንት ማይክሮሜትር (የሚሊሜትር አንድ ሺኛ)፣ የበቆሎው አሥራ አምስት ገደማ፣ የድንቹ ደግሞ ብዙውን ጊዜ አርባና ሃምሳ፣ ሲተልቅም እስከ መቶ ይደርሳል። ስታርች ሌላም ጥቅም አለው፤ ከውሃና ከሸክላ ዱቄት ጋር እንደ ቀጭን ሊጥ ተበጥብጦ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ከፈሰሰ በኋላ ወደ 60 እና 70 ዲግሪ ሲሞቅ፣ ቅንጣቶቹ ውሃውን ጠጥተው ያብጡና ድብልቁ ባለበት ይረጋል። በዚህ ዘዴ የውሃ መምጠጫ ጂፕሰም ሳያስፈልግ ቅርጽ ይወጣል። ያበጠው ስታርች የሚተወው ቀዳዳ ግን ከደረቁ ቅንጣት ስለሚሰፋ፣ ከላይ የጠቀስኳቸውን ቁጥሮች እንዳሉ ይዞ ቀዳዳን መተንበይ አይቻልም። ቡላም ስታርች ስለሆነ ይሠራል። ሆኖም ቡላ ገዝቶ እቶን ውስጥ ማቃጠል ዋጋውም ሆነ ሕሊናው የሚፈቅድ አይደለም፤ ለአንድ ሙከራ የሚሆን ጥቂት ስጠይቅ ከእናቴ የተቀበልኩትን አስተያየት እዚህ አልጽፈውም።

የቡና ነገር ሰፋ ያለ ቃል ይገባዋል፤ በዚህ ከተማ ስለ ተቃጣይ ጭማሪ ያወራ ሰው ሁሉ ቡና ማንሳቱ አይቀርምና። ሦስት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ይጠራሉ። የመጀመሪያው ደርቆ ከተፈለፈለ ቡና የሚወጣው ገለፈት ነው። ሁለተኛው ታጥቦ የተዘጋጀ ቡና ከፍሬው ላይ የሚያወልቀው ቀጭን ልባስ ነው። ሦስተኛው ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ ያሉ ካፌዎች ከማኪያቶ ማሽናቸው በየቀኑ በባልዲ የሚደፉት አተላ ነው። እነዚህ ሦስቱ በእቶን ውስጥ ጠባያቸው ይለያያል። አተላው የቅንጣቱ መጠን በወፍጮው የተወሰነና በጣም ወጥ ስለሆነ ለእኔ ከሁሉም ይበልጥብኛል፤ ነገር ግን ከደረቅ ክብደቱ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት በመቶ ዘይት ስለያዘ ውሃ አይወድም፣ ጭቃው ሲቦካም እየተንሳፈፈ ያስቸግራል። ለዚህ ያገኘሁት መፍትሔ አተላውን በደረቁ ከሸክላው ዱቄት ጋር በሚገባ አዋህዶ፣ ውሃውን በመጨረሻ ጥቂት በጥቂት መጨመር ነው። በተጨማሪም አተላ ሳይደርቅ አንድ ሳምንት ከቆየ በአረንጓዴ ሻጋታ ይለብሳል፤ ለሸክላው አይጎዳም፣ ለሳንባ ግን ይጎዳል።

ገለፈቱ ሌላ ታሪክ ነው። አመዱ በፖታሲየም የበለጸገ ሲሆን፣ ፖታሲየም ደግሞ ሸክላን በዝቅተኛ ሙቀት እንዲቀልጥ የሚገፋ ነገር ነው። ስለዚህ ገለፈት የተጨመረበት ሸክላ በ900 ዲግሪ ሲተኮስ፣ ገለፈቱ በለቀቀው ቀዳዳ ግድግዳ ላይ አመዱ ከሸክላው ጋር ተዋህዶ ስስ የመስተዋት ሽፋን ይፈጥራል። ይህ ለተራ ጡብ ጉዳት የለውም፣ እንዲያውም ቅንጣቶቹን አያይዞ ጥንካሬ ሊጨምር ይችላል፤ ከ1,000 ዲግሪ በላይ ለሚሠራ የእቶን ግድግዳ ግን አይመችም፣ እየዋለ እያደረ ይሟሽሻልና። ከፎገራ የሚመጣው የሩዝ ቅርፊት በተቃራኒው ከክብደቱ አንድ አምስተኛ ገደማ አመድ ይተዋል፣ አመዱም ከሞላ ጎደል ሲሊካ፣ ማለትም የአሸዋ ዋና ንጥረ ነገር ነው። የሩዝ ቅርፊት እንግዲህ ሙሉ በሙሉ አይሄድም፤ በቀዳዳው ውስጥ የቅርፊቱን መልክ የያዘ ነጭ አጽም ትቶ ይሄዳል። ለሙቀት መከላከያ ጡብ ይህ አጽም ጥሩ ነው፣ ሲሊካው ራሱ ቀዳዳማ ስለሆነ። ለማጣሪያ ግን አጽሙ መንገዱን ስለሚያጠብና ፍርፋሪው ከውሃው ጋር ስለሚወርድ አልመርጠውም። የጤፍ ጭድም እንደ ሌሎቹ የሣር ዘሮች ሲሊካ ስላለው ወደዚሁ ወገን ይመደባል። የእንጨት ሰጋቱራ የሚተወው አመድ ብዙ ጊዜ ከክብደቱ አንድ በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ተራ መስሎ የሚታየው ሰጋቱራ እስካሁን ያልተተካው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ እሳቱ እንምጣ። እንጨት የሚባለው ነገር በአንድ ሙቀት ላይ አይቃጠልም፤ ሄሚሴሉሎስ የተባለው ክፍሉ ከ220 እስከ 315 ዲግሪ፣ ሴሉሎስ ከ315 እስከ 400 ዲግሪ ይበታተናል፣ ሊግኒን ደግሞ ከ160 ጀምሮ እስከ 900 ድረስ ቀስ እያለ ይፈርሳል። በነዚህ ደረጃዎች የሚወጣው ጭስና ጋዝ ሲሆን የሚቀረው ከሰል ነው፤ ከሰሉ ራሱ ተቃጥሎ እንዲያልቅ ኦክስጅን ከውጭ በጠባቡ የሸክላ ቀዳዳ በኩል ወደ ውስጥ መግባት አለበት። አስቸጋሪው ደረጃ ይህ የመጨረሻው ነው። በሩ ለመግባት ለሚፈልገው አየርም ለመውጣት ለሚፈልገው ጋዝም አንድ ስለሆነ፣ የጡቡ ውፍረት በእጥፍ ሲጨምር ለማቃጠል የሚያስፈልገው ጊዜ ከእጥፍ በላይ፣ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል።

በዚያ ላይ ጭማሪው ራሱ ማገዶ ነው። ደረቅ ሰጋቱራ በኪሎ 18 ሜጋጁል ያህል ሙቀት ስለሚሰጥ፣ በአንድ ኪሎ ድብልቅ ውስጥ ያለው 100 ግራም ሰጋቱራ 1.8 ሜጋጁል ይለቃል፤ ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ቢቃጠልና ሙቀቱ ባለበት ቢቀር ሸክላውን ከ1,000 ዲግሪ በላይ ለማሞቅ ይበቃ ነበር። በተግባር እንዲህ አይሆንም፣ ነገር ግን እቶኑ 400 ዲግሪ በሚያሳይበት ሰዓት የጡቡ ልብ ከዚያ እጅግ ሊበልጥ ይችላል። ቴርሞካፕሉ፣ ማለትም የእቶኑ ሙቀት መለኪያ፣ የሚለካው የእቶኑን አየር እንጂ የጡቡን ውስጥ አይደለም። ስለዚህ ከ200 እስከ 400 ዲግሪ ባለው መካከል በሰዓት ከ50 ዲግሪ በላይ አልጨምርም፣ ጡቡ ወፍራም ከሆነ ደግሞ በሰላሳ እረካለሁ። ከ550 እስከ 600 ባለው ላይ ጭስ መውጣቱ ካቆመ በኋላም ለሰዓታት አቆየዋለሁ፤ በ573 ዲግሪ በሸክላው ውስጥ ያለው ኳርትዝ የተባለ ማዕድን በድንገት ስለሚሰፋ፣ በዚያ አካባቢ መቸኮል በሌላም ምክንያት አይመከርም።

አዲስ አበባ ደግሞ የራሷን ጣጣ ትጨምራለች። ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ሊትር አየር የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያነሰ ነው። በዝቅተኛ ቦታ የተጻፈ የአተኳኮስ ሠንጠረዥ እንዳለ ወስዶ እዚህ የሚጠቀም ሰው፣ ከሰሉ ሳያልቅ ወደ ከፍተኛ ሙቀት ሊያልፍ ይችላል። እኔ የእቶኑን የላይኛውን መተንፈሻና የታችኛውን አየር ማስገቢያ እስከ 700 ዲግሪ ክፍት አድርጌ እተዋለሁ፤ ኤሌክትሪኩ ይባክናል፣ ጡቡ ግን ይድናል። መብራት ሲጠፋም የምጨነቀው እንደ ደረጃው ነው፤ በ800 ላይ ቢጠፋ እቶኑ በዝግታ ይቀዘቅዛል እንጂ የከፋ ነገር አይመጣም፣ በ350 ላይ ከጠፋ ግን ግማሽ የተበታተነው እንጨት ጭሱን በቀዝቃዛው ገጽ ላይ እንደ ሬንጅ ስለሚለጥፈው፣ መብራቱ ሲመለስ ከታች ጀምሮ በዝግታ መሄድ ያስፈልጋል።

ከሰሉ ሳያልቅ የቀረ ጡብ ምን እንደሚመስል አንድ ወዳጄ ከሌላ ቦታ ገዝቶ ያመጣው ጡብ በደንብ አሳይቶኛል። ከውጭ ሲታይ መልካም ቀይ ነው፣ ጠርዙም ቀጥ ያለ ነው። በመዶሻ ለሁለት ስንከፍለው ግን ጣት በሚያህል ቀይ ክፈፍ የተከበበ ከሰል መሳይ ጥቁር ልብ ወጣ፤ በጥቁሩና በቀዩ መካከል ቢጫ ወደ ግራጫ የሚያደላ ስስ መስመር ነበረ፣ በጥቁሩ መሐል ደግሞ ምስር የሚያክሉ ውስጣቸው የሚያብረቀርቅ አረፋዎች ይታዩ ነበር። የዚህ ምክንያት ይታወቃል። በውስጥ የቀረው ካርቦን ከሸክላው ብረት ላይ ኦክስጅን ይነጥቃል፤ ኦክስጅኑን ያጣው ብረት እንደ ማቅለጫ ስለሚያገለግል የጡቡ ልብ ከዳሩ ቀድሞ ይለሰልሳል፣ ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ፣ ማምለጫ ያጣው ጋዝም ጡቡን ያሳብጠዋል። ቀዳዳ እንዲጨምር የገባው ነገር ቀዳዳውን ደፈነው ማለት ነው፤ ሰጋቱራው ግን ምንም ጥፋት የለበትም፣ የተነፈገው ሰዓት ነው።

ጭሱንም መዘንጋት አይገባም። ከ250 እስከ 400 ዲግሪ ባለው ደረጃ የሚወጣው ጭስ አሴቲክ አሲድ፣ ሜታኖልና ካርቦን ሞኖክሳይድ ስላለበት፣ ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዞ በሚኖርበት ሰፈር ልብስ ያሰጣች ጎረቤት ቅሬታ ቢኖራት ልክ ናት። ይህን ደረጃ ሌሊት ላይ እንዲያልፍ አደርጋለሁ፣ እቶኑ ባለበት ክፍልም አልተኛም። ከእቃ ማሸጊያ የሚገኘውን ነጭ ፎም እየፈረፈሩ የሚጨምሩ አሉ፤ አመድ የማይተው መሆኑ እውነት ነው፣ ነገር ግን ስታይሪን የተባለውን ትነትና ጥቁር ጥላሸት ስለሚለቅ በከተማ መሐል ነውር ነው። በተጨማሪ ፎሙ ሲጨመቅ ይታመቅና ጫናው ሲነሳ ተመልሶ ስለሚዘረጋ፣ ጭቃው ገና ሳይደርቅ ይሰነጠቃል።

የተተኮሰው ነገር ምን ያህል ቀዳዳማ እንደሆነ ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ሚዛን፣ ክርና ድስት ይበቃሉ። ሸክላው ደርቆ ይመዘናል፣ ከዚያ ውሃ ውስጥ ለረጅም ሰዓት ይቀቀልና እዚያው ውሃው ውስጥ ይቀዘቅዛል፤ ቀጥሎ ውሃ ውስጥ እንደተንጠለጠለ፣ በመጨረሻም ወጥቶ ገጹ በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ ይመዘናል። ለምሳሌ ደረቁ 100 ግራም፣ በውሃ ውስጥ ተንጠልጥሎ 62፣ ውሃ ጠግቦ 128 ቢመዝን፣ ጠቅላላ ይዘቱ የ128 እና የ62 ልዩነት፣ ማለትም 66 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ነው፤ ውሃ የገባበት ባዶ ቦታ ደግሞ 28 ስለሆነ ክፍት ቀዳዳው 42 በመቶ ይሆናል። እዚህ ከተማ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ መሆኑ ልኬቱን አያበላሽም፣ ዋናው ነገር እንፋሎቱ አየሩን ገፍቶ ማስወጣቱ ነውና፤ ሆኖም የመቀቀያውን ጊዜ ረዘም አደርገዋለሁ። የተዘጉ ቀዳዳዎች በዚህ መንገድ አይታዩም፤ 100 ግራሙ ለቀሪው 38 ሲካፈል 2.63 መስጠቱ፣ ማለትም ከሸክላው እውነተኛ ጥግግት ጋር መቀራረቡ ነው የተዘጉት ጥቂት መሆናቸውን የሚነግረን።

ቀዳዳ በነጻ አይገኝም፤ ዋጋው ጥንካሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ሪሽኬዊች የተባለው ተመራማሪ አሉሚናና ዚርኮኒያ በተባሉ ቀዳዳማ የሴራሚክ ዓይነቶች ላይ የሠራው ልኬት፣ ከዚያም ዳክወርዝ በሒሳብ ቀመር ያስቀመጠው ውጤት እንደሚያሳየው፣ ቀዳዳው በእኩል መጠን ሲጨምር ጥንካሬው በእኩል ድርሻ ይቀንሳል። የቅናሹን ፍጥነት የሚወስነው የቀመሩ ቁጥር ብዙውን ጊዜ በአራትና በሰባት መካከል ሲሆን፣ አምስትን ብንወስድ 40 በመቶ ቀዳዳ ያለው ሸክላ ጥቅጥቅ ካለው ጥንካሬ 13 ወይም 14 በመቶ ብቻ ይቀርለታል። ስለዚህ «ስድሳ በመቶ ቀዳዳ ያለው ጡብ ሥራልኝ» ብሎ የሚመጣ ሰው፣ ጡቡን ከላዩ ምን እንደሚጭንበት መጀመሪያ እጠይቀዋለሁ።

ይህንኑ ቁጥር ሳይጠቅሱ የሚያውቁ ሰዎች ከእኔ ክፍል ሩቅ አይደሉም። ቀጨኔ በተባለው የአዲስ አበባ ሰፈር ከሚሠሩት ሸክላ ሠሪዎች መካከል አንዲት አረጋዊት ከሰጋቱራ የሠራሁትን ክብ ሸክላ በጥፍራቸው ሁለት ጊዜ መታ መታ አድርገው ድምፁን ካዳመጡ በኋላ፣ ምላሳቸውን ጫፉ ላይ ነካ አደረጉ፤ ምላሳቸው ተጣበቀ።

«ልጄ፣ ይሄማ ውሃ ይጠጣል» አሉኝ። «ለጀበና አይሆንህም፣ ድምፁም ደንቁሯል።»

«እማማ፣ ለጀበና አይደለም። ውሃ እንዲያጣራ ነው» አልኳቸው።

«እንዲያ ከሆነ ቀጠን አድርገው እንጂ። እንዲህ ወፍሮ እሳት ልቡ ይደርሳል?»

እሳቸው የሚተኩሱት በሜዳ ላይ፣ በቅጠልና በኩበት ስለሆነ እሳቱ በአጭር ጊዜ ይነሳል፣ በአጭር ጊዜም ይወርዳል፤ ግድግዳውን ማሳሳት ለእሳቸው ዓይነቱ እሳት ትክክለኛ መልስ ነው። የኔን ክብ ከዚያ ወዲህ በሁለት ሴንቲሜትር ውፍረት እሠራዋለሁ።

የሸክላ ማጣሪያው አሳብ ከውጭ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ፈርናንዶ ማዛርየጎስ የተባለ የጓቲማላ ኬሚስት ከሸክላና ከተቃጣይ ጭማሪ የተሠራ፣ ብር የተቀባ የድስት ቅርጽ ያለው ማጣሪያ ሠራ፤ ሚች የተባለው አውሎ ነፋስ በ1998 መካከለኛው አሜሪካን ከመታ በኋላ ፖተርስ ፎር ፒስ የተባለው ድርጅትና በውስጡ ይሠራ የነበረው ሮን ሪቬራ በኒካራጓ ጀምረው ወደ ብዙ አገሮች አዳረሱት። ድስቱ በሰዓት የሚያሳልፈው ውሃ ከአንድ እስከ ሦስት ሊትር ያህል ነው፤ ከዚህ ከፈጠነ ስንጥቅ ወይም የሰፋ ቀዳዳ አለበት ተብሎ ይጣላል፣ ከዘገየ ደግሞ ማንም አይጠቀምበትም። እንደ ኢ. ኮላይ ያለ ባክቴሪያ ወርዱ አንድ ማይክሮሜትር፣ ርዝመቱ ሁለት ሲሆን፣ በጠመዝማዛው መንገድ ውስጥ አብዛኛው ይያዛል፤ ቫይረስ ግን ከዚያ በአሥር እጥፍና ከዚያም በላይ ስለሚያንስ ያልፋል። ከስምጥ ሸለቆ አካባቢ የሚመጡ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ስለ ፍሎራይድ ነው፤ ፍሎራይድ በውሃው ውስጥ የሟሟ ስለሆነ ቀዳዳ ምንም ቢጠብ አያቆመውም፣ ለእሱ የተቃጠለ አጥንት ወይም አሉሚና የያዘ ሌላ ዓይነት ማጣሪያ ያስፈልጋል።

በአሁኑ ጊዜ ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ከሦስት እስከ አምስት ሚሊሜትር የተቆረጠ የእንሰት ቃጫ ነው። ቃጫ እንደ ሰጋቱራ ክብ ቀዳዳ ሳይሆን ቀጭን ቦይ ስለሚተው፣ ከሰላሳ በመቶ በእጅጉ ባነሰ ይዘት መንገዶቹ ይገናኛሉ፤ ጭቃው በሚደርቅበት ጊዜም አያይዞ ስለሚይዘው ስንጥቁ ይቀንሳል። አስቸጋሪው ነገር ጭቃው ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ሲጨመቅ ቃጫዎቹ በሙሉ በአግድም መተኛታቸው ነው፤ ቦዮቹ ከገጹ ጋር ትይዩ ስለሚሆኑ ውሃውን ከላይ ወደ ታች አያወርዱትም። ለጡብ ይህ አቀማመጥ ራሱ ጥቅም ነው፣ ሙቀቱ ቦዮቹን አቋርጦ ማለፍ ስላለበት። ለማጣሪያው ግን ጭቃውን በቱቦ ገፍቶ እንደ ገመድ ማውጣትና በወርዱ መቁረጥ ያሻል፤ ለዚህ የሚሆነውን መግፊያ ከአሮጌ የመኪና ጃክ እያሠራሁ ነው።